ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ መጋቢት፣ ብራንደን፤
አሲኒቦይን ከበረዶው ሥር ይሄዳል፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ ብቻውን።
ከተማው ተኝቷል፤ ያጠበው፣ የደፋው፣ የተፋው በሙሉ
በቱቦ ወርዶ እኛ ዘንድ ያድራል፣ ያለ ስሙ፣ ከነአመሉ።

ዶሪን ክሊምቹክ ሁለት ሊትር ብልቃጥ ከገንዳው ሞልታ
ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ሰዓቷን አይታ።
«እንዳትነካው» አለች። «እንደ ሰው ነው፤ ሲያፈጡበት ይረበሻል።»
ቀልድ መሆኑ የገባኝ ከወር በኋላ ነው፤ አሁንም እውነት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ዳማ ጭጋግ ነው፣ ላይ የለው፣ ታች የለው፤
ከዚያ ብናኝ ብናኙን ጠርቶ፣ ተያይዞ፣ ጓል ሲሆን አየነው።
ጓሉ ጓሉን ተጭኖ ሲወርድ ከላዩ ውሃ ጠራ፣
አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ስንዝር፣ በዝምታ፣ ተራ በተራ።

«ሁለት መቶ ሠላሳ!» አልኩ፣ ብዕሬን ላነሳ።
«በእኛ አገር የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይባላል።»
«ይህ ወተት አይደለም» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጥር ላይ ክሩ በዝቶብን ነበር። በማጉያው ስናይ
ከየጓሉ ወጥቶ ተዘርግቷል፣ ጓልን ከጓል ሊለያይ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ እዚህ አንበሳ የለም፣
የታሰረው መውረድ ነበር፤ ብልቃጡ እስኪነጋ አልጠራም።
ዶሪን ግን ክርን አትጠላም፦
«አጥንት የሌለው ጓል ይበተናል። ጥቂት ይኑረው።»

ደግሞ እነዚያ ስስታሞቹ፣ ፎስፎረስ ሰብሳቢዎቹ፦
አየር በሌለበት ገንዳ ያላቸውን ይተፋሉ፣ ለኮምጣጤ ጉርሻ ብለው፤
ቁጥሩ እዚያ ይብሳል፣ አዲስ ሰው ይደነግጣል፤
አየሩ ጋ ሲደርሱ የተፉትን ይለቅማሉ፣ ያልተፉትንም ጨምረው።
«ባናስርባቸው» ትላለች «ማን ይስገበገብ ነበር?
ዊኒፔግ ሐይቅ በየነሐሴው አረንጓዴ ሙጃ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር።»

ብልቃጡን ላጥብ ተነሣሁ።
«ተወው፤ ገና ነው።»
«ሠላሳው አልፏል እኮ!»
«ፈተናው አልፏል። እሱ ግን እዚያው ነው።»

ተውኩት። ሰሌዳውን ሞላሁ፣ የደረቀ ዳቦ በላሁ።
አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ከረጋው ውስጥ፣ አንዲት አረፋ
እንደ ዓሣ ዓይን ብቅ አለች፤
ሌላ ተከተለች፣ ሌላ፤ ንጣፉ በጠርዙ ተገፋ፤
ከዚያ ያ የተመሰገነው፣ ያ ሁለት መቶ ሠላሳ፣ ከታች ተላቆ
ወደ ላይ ሄደ፣ ጥሩውን ውሃ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ፣
ክዳንም ሆነ።

«አየር ሲያልቅበት የናይትሬቱን ኦክስጅን ተነፈሰ፤
የተረፈው ናይትሮጂን አዝሎት ወደ ላይ ተመለሰ።
አልታመመም፤ ቆየ እንጂ። ሁለተኛው ማርጊያ ታች
መላሿ ፓምፕ ደክማለች፤ ሂድና ስማት፣ ምን እንዳለች።»

ወረድኩ። ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት። ፓምፗ ታነክሳለች።
ጨርቅ ነው፣ የሕፃን መጥረጊያ፣ ከፀጉር ጋር የተገመደ፣
ሽንት ቤት ቢጣል ችግር የለውም ተብሎ የተሸጠ።
በቢላዋ ቆረጥኩት፤ ጓንቴ እስኪቀደድ ቆረጥኩት።
ስመለስ ዶሪን ብልቃጡን በእንጨት ነካ አደረገችው፤
አረፋው ወጣ፣ ክዳኑ ተሰብሮ እንደገና ወረደ።
«አየህ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ባለፈው ዓርብ ጡረታ ወጣች። ኬኩ ላይ ስሟን አሳስተው ጻፉት፤
እሷም የተሳሳተውን ፊደል ቆርጣ ለእኔ ሰጠችኝ።
ደብተሯንም ተወችልኝ፦ አንዱ ዓምድ የሠላሳ ደቂቃው ነው፤
ከጎኑ ሌላ አለ፣ ርዕስ የሌለው፣ በእርሳስ የተሞላ፦
«አንድ ሰዓት ከሃምሳ። ሁለት ከአምስት። አልተነሣም። ሃምሳ ደቂቃ!»
የዚያን ሌሊት ጎን ቀኔንና ስሜን ጽፋ ኖሯል፣ ሌላ ምንም።

ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ብልቃጡን አላጠብኩም።
አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ፤ ከላይ ውሃው ጥሩ ነው፣
ከታች የተኛው ዝም ብሏል።
ብዕሬን ይዣለሁ። አልጻፍኩም።